ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እና የሕዝብ እንደራሴዎች ምርጫ

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ መጽሔት ሲሰናዳ፥ ለመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ከተመደበልን ገጽ አንዱን የቀድሞ ሰው ታሪክ እንድንጽፍበት ተፈቅዶልናል። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር አለቆች የሚጽፉ ብዙ ናቸውና እኛ ከእነርሱ ወገን አልመረጥንም። የመረጥነው የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁትን ሰው፥ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን ነው። ምክንያታችንም ይህ ነው፤ በጃጁራም ሆነ በሆሳዕና ምርጫ በደረሰ ቁጥር ታላላቆቻችን ስለ ዕጩዎቹ ማንነት ሲከራከሩ ያመሻሉ፤ እንደራሴ የመምረጥ ነገር ራሱ ወደ አገራችን በየት በኩል እንደ ገባ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛም ዘንድሮ 18 ዓመት ሞልቶን ለመራጭነት የሚያበቃው ዕድሜ ላይ ስለ ደረስን ነገሩ ይመለከተናል።

ተክለ ሐዋርያት በሰኔ ወር 1876 ዓ. ም. በሸዋ ሰያደብር በተባለው አገር ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። በ1888 ዓ. ም. የዓድዋ ጦርነት በሆነ ጊዜ ዕድሜያቸው 12 ዓመት ገና አልሞላም ነበር፤ ሆኖም ጌታቸውን ተከትለው ዘመቱ። በዛሬው ዘመን በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ደብተሩን ይዞ 5ኛ ወይም 6ኛ ክፍል ይቀመጣል፤ እሳቸው ግን የዓድዋን ተራራና የወደቀውን ሠራዊት በዓይናቸው አዩ።

ከድሉ በኋላ ሊዮንቴፍ ከተባለው የመስኮብ ሰው ጋር ወደ መስኮብ አገር ተላኩ። በዚያም አንድ የጦር መኰንን ከነቤተ ሰቡ እንደ ልጅ አድርጎ አሳደጋቸው፤ ቋንቋውን ተማሩ፤ በፔተርስቡርግ በሚገኘው የመድፈኞች ትምህርት ቤትም ገብተው የመኰንንነት ማዕረግ አገኙ። ከአሥር ዓመት በላይ በባዕድ አገር ቆይተው ሲመለሱ አጼ ምኒልክ ታመው ነበር፤ ቤተ መንግሥቱም በመሳፍንትና በመኳንንት ሽኩቻ የተሞላ ነበር። እንደ እሳቸው ያለ በውጭ አገር የተማረ ሰው በዚያን ጊዜ በጣት የሚቈጠር ስለ ነበረ፥ አንዳንዱ ያደንቃቸው ነበር፤ አንዳንዱም ሃይማኖቱን የለወጠ ሰው ነው እያለ በጥርጣሬ ይመለከታቸው ነበር። ከዚያም ወደ አውሮጳ ተመልሰው የእርሻ ትምህርት ተማሩ። መድፍ የተማረ ሰው ስለ ምን ወደ ማረሻ ተመለሰ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ እኛ የምንገምተው የኢትዮጵያ ችግር ከመድፍ ማነስ ይልቅ ከእርሻውና ከአስተዳደሩ እንደሆነ ስለ ገባቸው ነው።

በአዲስ አበባ ሳሉ ቴአትር እየተባለ ይታይ የነበረው የአዝማሪ ዘፈንና ጭፈራ መሆኑን አይተው፥ ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮመዲያ የተባለውን ተውኔት ደረሱ። ይህም በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት እየተባለ ይጠራል። በአውሬዎች አስመስለው የገለጡት የሹማምንቱን ጉቦና ስንፍና ስለ ነበረ ነገሩ ለታላላቆቹ አልጣማቸውም፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን እንዲታገድ ተደረገ፤ ከዚያም ወዲያ እስከ 1923 ዓ. ም. የንግሥ በዓል ድረስ የቴአትር ነገር ተቀዛቀዘ። ሕዝብን ስለሚያስተዳድሩ ሰዎች በአደባባይ መናገር ምን ያህል እንደሚያስቈጣ በራሳቸው ላይ አይተው የተማሩት ያን ጊዜ ይመስለናል።

በ1909 ዓ. ም. ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ ከተቃዋሚዎቻቸው ወገን ነበሩ፤ ከዚያም የጅጅጋ፥ ቀጥሎም የጨርጨር ገዥ ሆኑ። በጨርጨር የሠሩት ሥራ እጅግ የሚመሰገን ነው። ዛሬ ጭሮ የምትባለውን የአሰበ ተፈሪን ከተማ መሠረቱ፤ መንገዷንም በፕላን አስቀየሱ፤ ገበሬው ቡና እንዲተክል አበረታቱ፤ ግብሩ በታወቀ ልክ እንዲሰበሰብ ደንብ አወጡ። ጨርጨር በዚያ ዘመን ለሌላው ግዛት ምሳሌ ይሁን ተብሎ የታሰበ አውራጃ ነበረ። ገዥ በፈቀደ ጊዜ የፈቀደውን የሚያስከፍልበት ዘመን ስለ ነበረ፥ የግብርን ልክ በጽሑፍ ማስቀመጥ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 1923 ዓ. ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ፥ ለኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት እንዲረቀቅ አዘዙ፤ ሥራውም ለተክለ ሐዋርያት ተሰጠ። በዚያ ጊዜ የገንዘብ ሚኒስትርነቱን ይዘው በጅሮንድ ይባሉ ነበር። የእንግሊዝን፥ የጀርመንን፥ የኢጣሊያንና የጃፓንን ሕግ አመሳክረው፥ ከሁሉ ይልቅ የተከተሉት በ1889 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የወጣውን የጃፓንን ሕገ መንግሥት ነው። የተማሩት ኢትዮጵያውያን በዚያን ዘመን ዓይናቸው በጃፓን ላይ ነበረ፤ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም አስቀድመው ስለ ጃፓን መሻሻል ጽፈዋል። ጃፓን ንጉሥዋን እንዳከበረች፥ በማንም ሳትገዛ፥ በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ኃያል መንግሥት ሆናለችና እኛስ ለምን አይሆንልንም የሚል ሐሳብ ነበረ።

ረቂቁ በመሳፍንቱና በሚኒስትሮቹ ፊት በቀረበ ጊዜ ክርክር ተነሣ። ትልልቆቹ መሳፍንት ግዛታቸው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ርስት መሆኑ በሕጉ እንዲጻፍላቸው ፈለጉ። ከዝቅተኛ ቤተ ሰብ ተነሥተው በትምህርታቸው ለሹመት የበቁት ሚኒስትሮች ይህን ተቃወሙ። ለእኛ እንደሚመስለን በዚያ ዓመት በቤተ መንግሥት ከተነገረው ሁሉ ቁም ነገር ያለው ክርክር ይህ ነው፤ ሹመት እንደ መሬት ይወረሳል ወይስ በችሎታ ይሰጣል የሚል ነገር ነውና። ከመኳንንቱ ይልቅ የተጠቀመው ግን ንጉሠ ነገሥቱ ነው፤ ሥልጣኑ ሁሉ በእርሱ እጅ ተጠቃለለ።

ሕገ መንግሥቱ 7 ምዕራፍና 55 አንቀጽ ያለው ሆኖ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ. ም. ተፈረመ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያትም በተሰበሰቡት መሳፍንት፥ መኳንንትና ካህናት ፊት ቆመው የየምዕራፉን ትርጉም በረዥም ንግግር አስረዱ። ሁለት ምክር ቤት ተቋቋመ፤ አንዱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሲሆን አባሎቹን ንጉሠ ነገሥቱ ከመኳንንት መካከል ይመርጣል፤ ሁለተኛው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ነው። የእኛ ነገር ያለው በዚህ በሁለተኛው ዘንድ ነው። 32ኛው አንቀጽ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት እንዲመረጡ ያዝዛል። ፓርላማውም በጥቅምት 1924 ዓ. ም. ተከፈተ።

ይህ እስኪበቃ ድረስ የሚለው ነገር ለ26 ዓመት ያህል ቆየ።

እስቲ ይህ አንቀጽ ወደ እኛ አገር ሲመጣ ምን እንደሚመስል እንመልከት። ራስ አባተ ቧያለው በቀድሞ ስሟ ዋቸሞ በምትባለው ቦታ ላይ የሆሳዕናን ከተማ ቆርቁረው ስሟን ከሆሳዕና በዓል ከሰየሟት በኋላ፥ በከምባታና በሐዲያ ምድር የሚኖረው ገበሬ የሚበዛው ገባር ነበር። ከምርቱ ይከፍላል፤ ለመልከኛው ያርሳል፤ እንጨት ይሸከማል፤ አጥር ያጥራል። እንዲህ ያለው ሰው በ1924 ዓ. ም. እንደራሴ አለህ ቢባል፥ እንደራሴውን የሚመርጥለት የሚያስገብረው ሹም ራሱ ነው። በዳኛና በከሳሽ መካከል ልዩነት በሌለበት ሸንጎ ተከሳሹ ምን ተስፋ ይኖረዋል?

ተክለ ሐዋርያትን በዚህ ልንወቅሳቸው ይገባል ወይ ብለን በክፍላችን ተከራክረናል፤ ሐሳባችንም ተከፍሏል። አንዳንዶቻችን ጊዜው እንዲያ ነበር እንላለን። ጃፓንም ብትሆን በመጀመሪያው ምርጫዋ በ1890 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ድምፅ እንዲሰጡ የፈቀደችው 15 የን ግብር ለሚከፍሉ ወንዶች ብቻ ነው፤ እነርሱም ከመቶው ሕዝብ ከ1 ሰው እምብዛም አይበልጡም ነበር። ይሁን እንጂ ጃፓን ጥቂቶቹም ቢሆኑ ራሳቸው እንዲመርጡ አድርጋለች፤ የእኛ ሕግ ግን ማንንም አላስመረጠም። ሌሎቻችን ደግሞ ሕዝቡ ገና አልበቃም የሚለው ቃል ራሱ አልተዋጠልንም። በሐዲያና በከምባታ አባቶቻችን ሴራ የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ ሰዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው ነገር ሲመክሩ፥ ጠብ ሲያበርዱ፥ ለቀብር ሲተባበሩ፥ ነገራቸውንም የሚመራ ሽማግሌ በስምምነት ሲያቆሙ የኖሩበት ነው። ፊደል ያልቈጠረ ሰው ማን ሐቀኛ ማን ዋሾ እንደሆነ ለይቶ ለማወቅ ፊደል አያስፈልገውም። ጨርጨርን ያህል ግዛት ያስተዳደሩት ተክለ ሐዋርያት የገበሬውን ሸንጎ ሳያዩ አልቀሩም፤ በሕጉ ውስጥ ስፍራ አለመስጠታቸው ይቈጨናል።

ሆኖም ሌላም ነገር መዘንጋት የለበትም። ሹማምንት ይመርጣሉ ብሎ ማለፍ ሲቻል፥ ሕዝቡ ራሱ የሚመርጥበት ቀን እንደሚመጣ በሕጉ ውስጥ በቀለም ተጽፏል። የተጻፈ ነገር ይጠየቅበታል።

ከዚህ በኋላ ተክለ ሐዋርያት በፓሪስ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተላኩ፤ የኢጣሊያ ጠብ በተነሣ ጊዜም በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ተሟገቱ። በመስከረም 1928 ዓ. ም. ጦርነቱ ሲጀመር ማኅበሩ ከቃል በቀር ብዙ እርዳታ እንደማይሰጥ ተረድተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ. ም. ከአገር ሲወጡ ነገሩን አልደገፉትም፤ በጫካና በተራራ ሆኖ መዋጋት ይሻላል የሚል አሳብ ነበራቸው። እሳቸውም በኋላ በጅቡቲ በኩል ተሰደው ኤደን፥ ከዚያም ማዳጋስካር ገቡ፤ ነጻነት ከተመለሰም በኋላ ብዙ ዓመት ከአገራቸው ርቀው ኖሩ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም አርአያ የተባለው ልብ ወለድ ደራሲ ናቸው።

ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱት በ1940ዎቹ ማብቂያ ገደማ ነው። የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ. ም. የንግሡ 25ኛ ዓመት ሲከበር የወጣው በዚያው ሰሞን ነው። እሳቸው ሹመት ሳይፈልጉ በሐረርጌ በሒርና ወደ እርሻቸው ተቀመጡ። ሕጉን ሌሎች ሰዎች ናቸው ያሻሻሉት፤ ለኋላ ተብሎ በ1923 ዓ. ም. የቆየው ቀን ግን በዚህ ሕግ ደረሰ።

በአዲሱ ሕግ 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፥ ወንድም ሴትም፥ እንዲመርጥ ተፈቀደ። አገሩ 200,000 ያህል ሰው በሚይዙ የምርጫ ክልሎች ተከፈለ፤ ለእያንዳንዱም ክልል 2 እንደራሴ ተመደበ፤ ከ30,000 ሰው በላይ ላለው ከተማም ተጨማሪ እንደራሴ ተሰጠው። በመስከረም 1950 ዓ. ም. በተደረገው በመጀመሪያው ምርጫ 210 እንደራሴዎች ለ4 ዓመት ተመረጡ። ከእነዚህም አንዲቱ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ነበሩ፤ በኢትዮጵያ ፓርላማ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ናቸው። እኅቶቻችን ይህን ስም በደንብ እንዲይዙት እንፈልጋለን። ሆሳዕና በዚያ ጊዜ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት የከምባታ አውራጃ ዋና ከተማ ስለ ነበረች፥ የእኛ አገር ሰው እንደራሴውን የመረጠው በዚህ አውራጃ ስም ነው። ከዚያም በ1953፥ በ1957፥ በ1961 እና በ1965 ዓ. ም. ምርጫ ተደረገ፤ የእንደራሴዎቹም ቁጥር ወደ 250 አደገ።

ግን ለመመረጥ የተጣለው ግዴታ ከባድ ነበር። ዕጩው 25 ዓመት የሞላው፥ በምርጫ ክልሉ የሚኖር፥ በዚያም 1,000 ብር የሚያወጣ መሬት ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያለው መሆን አለበት። በዚያ ዘመን 1,000 ብር ለአንድ ጭሰኛ የሕልም ገንዘብ ነው። ስለዚህ ጭሰኛው ድምፁን ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን ለባለ መሬት ነው። የፖለቲካ ፓርቲም አልነበረም፤ ሰው የሚመረጠው በስሙ፥ በዘመዱና በድግሱ ነው። ፍሬውም በኋላ ታየ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የመሬት ባለቤትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚያሻሽል የሕግ ረቂቅ ለፓርላማው ቀርቦ ነበር፤ ሳይጸድቅ ዓመታት አለፉ፤ በመጨረሻም ፓርላማው ራሱ ፈረሰ። የገጠር መሬት ከባለ መሬት እጅ የወጣው በምክር ቤት ድምፅ ሳይሆን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. በወታደራዊው መንግሥት ዐዋጅ ነው። አንድ ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት ሕዝቡን የሚያስጨንቀውን ነገር ለመቍረጥ ካልቻለ፥ ሌላ ሰው በጠመንጃ ይቈርጠዋል፤ ይህ ግን ለምክር ቤቱ የሚያስመሰግን አይደለም።

ዛሬ ያለው ሥርዓት ከዚያኛው በብዙ ይለያል። በ1987 ዓ. ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የመራጩን ዕድሜ ወደ 18 ዓመት ዝቅ አድርጎታል፤ ለዕጩም የሀብት ልክ አልጠየቀም፤ እንደራሴዎቹም ለ5 ዓመት ይመረጣሉ። ቢሆንም ምርጫ ሁልጊዜ ያለ ጠብ አይፈጸምም። በ1992 ዓ. ም. በሐዲያ በበርካታ ስፍራ በሁከትና በአቤቱታ ምክንያት ድምፅ እንደገና እንዲሰጥ ተደርጓል፤ አካባቢያችን ምርጫውን ምን ያህል ከልቡ እንደሚይዘው ከዚህ ይታወቃል። ሆሳዕናም ቀድሞ የአውራጃ ከተማ የነበረችው፥ በ2015 ዓ. ም. ማብቂያ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ መቀመጫ ሆናለች። የክልሉ ምክር ቤት ከጃጁራ ብዙ ሳይርቅ ተሰብስቦ ሲመክር፥ የ1924 ዓ. ም. እንደራሴ በሹም ተመርጦ አዲስ አበባ ድረስ መሄዱን ማስታወስ ይገርማል።

አሁን ደግሞ ወደ ፊታውራሪ መጨረሻ እንመለስ። በሒርና ቡናቸውንና ማሳቸውን እየተከታተሉ ረዥም ዕድሜ ኖሩ። ብዙ ጓደኞቻቸው በጦርነት፥ በስደትና በሹም ሽር ሲያልቁ እሳቸው አጼ ዮሐንስን፥ አጼ ምኒልክን፥ ልጅ ኢያሱን፥ ንግሥት ዘውዲቱንና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ያየ ዘመን ቈጥረዋል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወርደው ፓርላማው ሲዘጋ እሳቸው 90 ዓመት አልፏቸው ነበር። ያረቀቁት ሕግ አስቀድሞ ተሽሮ በሌላ ተተክቷል፤ አሁን ደግሞ የተሻሻለውም ቀረ፤ ምክር ቤቶቹም ተበተኑ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሳይሞላ በሚያዝያ 1969 ዓ. ም. ዐረፉ።

የሕይወታቸውን ታሪክ በእጃቸው ጽፈው ነበር። መጽሐፉ ብዙ ዓመት ሳይታተም ቆይቶ በ1998 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ኦቶባዮግራፊ በሚል ስም ታተመ። የሰያደብርን ልጅነት፥ የዓድዋን መንገድ፥ የመስኮብን በረዶና የሕገ መንግሥቱን ዘመን ከባለቤቱ አንደበት ለመስማት የሚሻ ሰው ሁሉ በዚያ ያገኘዋል፤ መጽሐፉ ወፍራም ስለሆነ ግን ከፈተና በፊት መጀመር አይመከርም።